የትምህርት ክፍል ምርጫና የኢንቨስትመንት ባንክ ሙያ

(በተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ክፍል መምረጫው ቅጽ በየእጃችሁ ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ከመካከላችሁ አራት አምስት የሚሆኑ ወደ መኝታ ክፍሌ መጥተው «በኢንቨስትመንት ባንክ ለመሥራት ምን እንማር?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ የሦስተኛ ዓመት የስታትስቲክስ ተማሪ እንጂ የባንክ ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከሁለት ዓመት በፊት የራሴም ጥያቄ ስለ ነበረ፥ የደረስሁበትን ላካፍላችሁ ቀርቤአለሁ።

አስቀድመን ሥራውን እንወቅ። የተለመደው ባንክ የአንዱን ተቀማጭ ተቀብሎ ለሌላው ያበድራል። የኢንቨስትመንት ባንክ ግን በዋናው ሥራው አማካሪና አገናኝ ነው። ገንዘብ የሚሻውን ኩባንያ ሒሳብ ይመረምራል፤ ዋጋውን ይገምታል፤ አክሲዮን ወይም ቦንድ ለመሸጥ የሚያስፈልገውን መግለጫ ያዘጋጃል፤ ገዢም ይፈልጋል። ሁለት ኩባንያዎች ሊዋሐዱ ሲያስቡም ያማክራል።

በአገራችን ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት አክሲዮን በአዲስ አበባ ይገበያይ ነበር፤ ባንኮችና ታላላቅ ኩባንያዎች ሲወረሱ ግን ነገሩ ተቋረጠ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 የወጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲሸጥ፥ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፥ ይኸውም 9,900 ብር ነበር፤ ከ47 ሺሕ የሚበልጡ ሰዎችም ገዙ። እንግዲህ ገበያው አዲስ ነው፤ በዚህ መንገድ ቀድሞን የሄደ ታላቅ ወንድም እምብዛም የለንም።

ብዙዎቻችን ይህን ሙያ የምንመኘው ስለ ደመወዙ በሰማነው ወሬ ነው። ደመወዝ መመኘት ነውር አይደለም። የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው። እናቴ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። ልጅ ሳለሁ፥ በመመሥረት ላይ ያለ አንድ ኩባንያ አክሲዮን ሲሸጥ፥ ዕቁብ በደረሳት ሳምንት ገንዘቧን ወስዳ ገዛች። ፋብሪካው አልተሠራም፤ ገንዘቡም አልተመለሰም። የተሰጣት ባለቀለም ወረቀት እስከ ዛሬ በሳጥኗ ውስጥ አለ። ባለፈው ክረምት አውጥቼ አነበብሁት። የፋብሪካው ሥዕል አለበት፤ የሒሳብ ሰንጠረዥ ግን አንድም የለበትም። ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚናገረው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ይህን አንብቦ «ይቅርብሽ» የሚላት ሰው በሰፈራችን አልነበረም።

ወደ ምርጫው እንመለስ። አካውንቲንግ የኩባንያን መዝገብ ማንበብ ያስተምራል። ኢኮኖሚክስ ወለድና የዋጋ ንረት ገበያውን እንዴት እንደሚነኩት ያሳያል። ስታትስቲክስና ሒሳብ ግምትን በጥንቃቄ መያዝን ያስለምዳሉ። ሕግ የውልንና የመግለጫን ቃል ያስመዝናል፤ ምሕንድስናም የሲሚንቶ ፋብሪካ ምን እንደሚፈጅ ያሳውቃል። አንዱም ብቻውን አይበቃም፤ ከአንዱም ተነሥቶ ወደ ሙያው መድረስ ይቻላል። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ጠንክራችሁ ልትማሩት የምትችሉትን ምረጡ፥ የጎደለውን ደግሞ ራሳችሁ ሙሉ። ወንበሩ ውስን፥ ውድድሩም በውጤት ስለ ሆነ፥ ሁለተኛ ምርጫው የደረሰው ተማሪ ተስፋ አይቁረጥ። እኔም ፋይናንስ ፈልጌ ነው ስታትስቲክስ የደረሰኝ።

የጎደለው እንዴት ይሞላል? ሁለት ነገር ከሁሉ በፊት ይታወቅ። መጀመሪያው፥ ትርፍና ጥሬ ገንዘብ አንድ አለመሆናቸው ነው። የአንድ ሚሊዮን ብር ሰሊጥ በዱቤ የሸጠ ነጋዴ በመዝገቡ ላይ ትርፍ ሊያሳይ ይችላል፤ ካዝናው ግን ባዶ ሆኖ የሠራተኛ ደመወዝ ያጣል። ሁለተኛው፥ የዛሬ ብርና የነገ ብር እኩል አለመሆናቸው ነው። ወለዱ በዓመት 10 በመቶ ቢሆን፥ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገኝ 121 ብር ዛሬ የሚያወጣው 100 ብር ነው። የኩባንያ ዋጋ ግምት ከዚህች ስሌት ይነሣል።

ከዚህ በኋላ ልምምድ ነው። ባንኮቻችን በየዓመቱ ሒሳባቸውን ያሳትማሉ። አንዱን ባንክ መርጣችሁ የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በኤክሴል ሠርታችሁ ምን እንደ ተለወጠ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ከዚያም ያንኑ ሒሳብ ላልተማረ ሰው በአማርኛ አስረዱ። ማስረዳት ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው። በክረምትም፥ ያለ ደመወዝ ቢሆን እንኳ፥ በሒሳብ ወይም በኦዲት ቢሮ የሥራ ልምምድ ፈልጉ።

በመጨረሻም ስለ እምነት ልናገር። ሌማን ብራዘርስ የተባለው የኒውዮርክ ኢንቨስትመንት ባንክ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲከሥር በመዝገቡ የነበረው ሀብት ከ600 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የተማረ ሰው አልጎደለበትም። ነገር ግን በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ ብዙ ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ለጥቂት ቀናት ከመዝገቡ ያስወጣ እንደ ነበረ በኋላ በተደረገው ምርመራ ታወቀ። ያን ሒሳብ የሠሩት እንደ እኛ ጥሩ ውጤት ይዘው የተመረቁ ሰዎች ናቸው።

ጓደኞቼ፥ ነገ ከእኛ አንዱ አንድን የአክሲዮን መግለጫ አዘጋጅቶ ይፈርማል። ያን ወረቀት ይዛ ወደ ቤቷ የምትሄደው ዕቁቧን ያወጣች እናት ትሆናለች። ቅጹን ስትሞሉ ስለ እርሷም አስቡ።