የሱቅ ሠራተኛዋ ሥራ ይቅለልላት
በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የማነሳው በሱቆቻችን ተቀጥረው ስለሚሠሩት ልጆች ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር በአብዛኛው ሱቅ የነበረው ጥሬ ገንዘብና የዱቤ ደብተር ነበር። ዛሬ ዘይትና ስኳር ሊገዛ ከሚመጣው ሰው አንዱ በቴሌብር፣ አንዱ በሲቢኢ ብር፣ አንዱ በኤም-ፔሳ፣ ሌላው ከባንክ ሂሳቡ ይከፍላል። ደንበኛው የሚያውቀው የራሱን አንድ አፕ ነው። የሱቋ ልጅ ግን ሁሉንም ማወቅ አለባት።

ገንዘቡ የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ በባለቤቷ ስልክ ነው። ልጅቷ ሰው ተሰልፎ እያለ «እትዬ፣ 350 ብር ገብቷል?» እያለች ትደውላለች። እትዬ ለቅሶ ቤት ከሆነች ወይም ኔትወርክ ከሌለ፣ ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ የከፈለበትን ምስል ያሳያል። እንዲህ ያለ ምስል በሐሰት እንደሚዘጋጅ ባንኮችም ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ማታ ሂሳብ ሲጎድል ግን ከደሞዟ የሚቆረጥባት ልጅቷ ናት። ጉዳዩን እዚህ ያመጣሁት ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። በብዙዎቹ የክፍያ መልእክቶች ላይ ቀኑም ሰዓቱም የፈረንጅ ነው። እኛ «ግንቦት 3 ከቀኑ 8፡20» የምንለውን መልእክቱ «ሜይ 11፣ 14፡20» ይለዋል። ደብተሯን በእኛ ሰዓት የምትጽፍ ልጅ ማታ ሁለቱን እንዴት ታመሳክር?

ስህተት ሲፈጠር ሁላችንም «ሥልጠና ያስፈልጋታል» እንላለን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው እውነት ነው። ነገር ግን ሳያስፈልግ የተወሳሰበን ነገር ከማስተማር በፊት ማቅለል ይቀድማል። የሱቅ ሠራተኛ ገንዘብ መላክ፣ ብድር መጠየቅ፣ የአየር ሰዓት መሙላት ሥራዋ አይደለም። ማወቅ ያለባት ስንት ብር፣ ከማን፣ በስንት ሰዓት እንደገባ ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍተው ገጽ ይህንን ብቻ ቢያሳይ፣ የመላኪያ ቁልፍም ባይኖረው፣ ባለቤቷም ስልኩን ለልጅቷ ለመስጠት አትሰጋም።

ጎረቤታችን የኩሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴ ዝርያ ሲያወጣ በምርምር ጣቢያ ብቻ አይረካም፤ በገበሬው ማሳም ይሞክረዋል። የከተማችንን ስም የያዘው ኦጎልቾ ስንዴም ከዚያው የወጣ ነው። አፕም እንዲሁ በገበያ ቀን፣ ሰው ተሰልፎ፣ እጇ ዱቄት የነካው ልጅ እየነካካችው ይሞከር። ቴሌብር በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መሥራቱ መልካም ጅምር ነው። ቋንቋው ከተስተካከለ ሰዓቱና ቀኑ የማይስተካከልበት ምክንያት የለም።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ።

አንደኛ፣ ለሱቁ ለብቻው የሆነ የነጋዴ መቀበያ ሂሳብ ይከፈት፤ የገቢው መልእክትም ሱቅ ውስጥ በሚቀመጥ ስልክ ይምጣ። መልእክት ለመቀበል ተራ ስልክ ይበቃል። በአምስት የግል ሂሳብ መቀበልም ይቅር፤ ሁለት ይበቃናል።

ሁለተኛ፣ የሰዓት መቀየሪያ ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። መልእክቱ ላይ ከ7 እስከ 18 ላለው 6 ይቀነሳል፤ ከ19 እስከ 23 ላለው 18 ይቀነሳል። 14፡20 የቀኑ 8፡20፣ 19፡05 የማታው 1፡05 ይሆናል።

ሦስተኛ፣ «መልእክቱ እኛ ስልክ ላይ ሳይገባ ዕቃ አይወጣም» የሚለውን የባለቤቷ ትእዛዝ አድርገን እንጻፈው። ያኔ ልጅቷ ከደንበኛ ጋር አትጣላም፤ ጽሑፉን ታሳያለች። ይህን ጠብቃ ለሠራች ልጅ የጎደለው ከደሞዟ አይቆረጥ።

ደጋፊዎቻችን፣ ስልክ ስትሰጡን እናመሰግናለን። ከዚያ በላይ የሚጠቅመን ግን ድምፃችንን አፕ ለሚሠሩት ማድረሳችሁ ነው። ሲመጡ አዳራሽ አንሰበስባቸውም፤ ሱቅ ውስጥ፣ ከልጆቹ ጎን ቆመው ይዩ።