የመሰንቆ መድረክ ከጠጅ ቤት ውጭ



በጎንደርና በአካባቢው የአዝማሪነት ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። በቡርቧክስ መንደር ሕፃኑ ጭራ የተወጠረበትን ባለ አንድ ክር መሰንቆ የሚይዘው ገና በልጅነቱ፥ ከአባቱ እጅ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሙያ በከተማ ዘወትር ማታ የሚደመጥበት ቦታ በአብዛኛው ጠጅ ቤት ወይም አዝማሪ ቤት ነው። ስለዚህ ልጆች፥ ተማሪዎች፥ መጠጥ የማይቀምሱ ምእመናንና ማታ ከቤት የማይወጡ እናቶች የራሳቸውን ቅኔና ዜማ ከደጅ ሆነው ይሰማሉ ወይም ጨርሶ አይሰሙም።

ለሁሉም ዕድሜ ክፍት የሆነ፥ መጠጥ የሌለበትና በበጎ ፈቃድ የሚካሄድ የሙዚቃ ቤት ይቋቋም ቢባል ነገሩ ለአገሩ ባዕድ አይሆንም። ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ መዋኛ የሚከበረው ጥምቀት ምስክር ነው። ወጣቶች ያለ ደመወዝ መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድ አደባባይ ሆታና እስክስታውን ይካፈላል። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የሰፈረውም እንዲህ በሕዝብ እጅ የሚኖር በዓል በመሆኑ ነው። ነገር ግን በዓሉ በዓመት አንድ ጊዜ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ናቸው። ብዙ ወጣቶች በእነዚህ ቡድኖች ዘፈንና ውዝዋዜ ተምረዋል፤ ኋላም ስመ ጥር የሆኑ ድምፃውያን ወጥተውባቸዋል። ሆኖም የግጥሙ ቃል በመንግሥት ፈቃድ የሚወሰን ስለ ነበር መድረኩ ነፃ ነበር ለማለት አይቻልም። አዝማሪ ግን ኑሮው በነፃ ቃል ነው፤ አድማጩ ግጥም ይሰጠዋል፥ እርሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ሹሙንም ባለጸጋውንም በሰምና ወርቅ ይነካል።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። አዝማሪው የሚኖረው በሽልማት ነው፤ ሽልማቱም ከብርሌው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። መጠጡ ሲነሣ እንጀራውም አብሮ ቢነሣ በጎ ፈቃድ የተባለው ነገር በባለ ሙያው ትከሻ ላይ የተጫነ ዕዳ ይሆናል። ስለሆነም ልዩነቱ በግልጽ ሊቀመጥ ይገባል፤ በሩን የሚጠብቀው፥ ወንበሩን የሚደረድረው፥ ቡናውን የሚያፈላው በጎ ፈቃደኛ ይሁን፤ መሰንቆውን የሚመታው ግን ዋጋውን ያግኝ። ከመግቢያ የሚሰበሰበው አነስተኛ ገንዘብ አስቀድሞ ለእርሱ ይድረስ፤ ከቡናውና ከሻዩ የሚገኘው ደግሞ ለቤቱ ኪራይ ይዋል።

ይህ ሥርዓት በተግባር ቢውል የቡርቧክስ ልጅ መሰንቆውን ይዞ ወደ ከተማ ሲመጣ ከሰካራም መሐል ብቻ ሳይሆን በእኩዮቹም ፊት ይቆማል። ያዳመጠው እኩያም ነገ ግጥም የሚሰጠው አድማጭ ይሆናል። አዝማሪ ያለ ግጥም ሰጪ ግማሽ አዝማሪ ነውና፥ ማኅበሩ የሚታደገው ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን አድማጩንም ጭምር መሆኑን ቢያስብበት መልካም ነው።