ልጆቻችን፣ የእንግሊዝኛ ትምህርትና ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳት

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ላይ ከቀረበ ንግግር)

 



በዛሬው ዝግጅታችን ስለ እንግሊዝኛ ትምህርትና ስለ ዱር እንስሳት እንነጋገራለን። «ኢማምን ከቀበሮ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገሩ እንዲህ ነው። በየክረምቱ በመድረሳችን ከቁርአንና ከዓረብኛ ትምህርት ጎን ለጎን እንግሊዝኛ እናስተምራለን። ልጆቹ 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ስለሚሆንባቸው ወላጆች አጥብቀው የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። ለንባብ ከምንጠቀምባቸው መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ ሊጠፉ ስለተቃረቡ እንስሳት የሚያወራ ምንባብ አይታጣም። ብዙ ጊዜ የሚገጥመን ስለ ቻይናው ፓንዳ ወይም ስለ ህንዱ ታይገር ነው። ልጆቹ ያነቡታል፤ «ኢንዴንጀርድ» የሚለውን ቃል ከነትርጉሙ በደብተራቸው ያሰፍራሉ፤ ጥያቄዎቹን ይመልሳሉ፤ በዚሁ ያበቃል። ፓንዳውም የአላህ ፍጡር ነውና በእርሱ ላይ ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን ልጁ በራሱ አገር ብቻ የሚኖረውን እንስሳ ሳያውቅ የሩቁን አውቆ መውጣቱ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ፈተና ላይ «ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች ይኖራል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሱ ሰጠናቸው። አብዛኞቹ «ሬድ ፎክስ» ብለው ጻፉ። ቃል በቃል ካየነው አልተሳሳቱም፤ ቀይ «ሬድ» ነው፣ ቀበሮም «ፎክስ» ነው። ዳሩ ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ሬድ ፎክስ» የሚለው በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ሞልቶ የተረፈውን፣ በከተማ ጓሮ ሳይቀር የሚዞረውን ሌላ እንስሳ ነው። የእኛው ቀይ ቀበሮ ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚታወቀው «ኢትዮፒያን ዎልፍ» ተብሎ ነው። ፈረንጆቹ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ «የሰሜን ፎክስ» እያሉ ይጠሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዘር ምርመራ ሲደረግለት ዘመዱ ፎክስ ሳይሆን ተኩላ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ስሙም በዚያው ጸና። የባሌ ኦሮሞዎች ደግሞ ጄዳላ ፈርዳ ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ፈረስና ላም ሊወልዱ ሲሉ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይባላል። ከብት ጠባቂ ካልሆነ በስተቀር ይህን ስም ማን ሊያወጣ ይችላል?

እንግዲህ ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት ተቆጥረው 500 እንኳ አይሞሉም። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው፤ የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ ከፍታዎች ላይ በየቦታው ተበታትነው ይገኛሉ። በመሆኑም «ሬድ ፎክስ» ብሎ የጻፈ ልጅ በነጥብ ብቻ አይጎዳም። ነገ አስጎብኚ ወይም የፓርክ ሠራተኛ ቢሆን፣ ወይም ለውጭ ሰው ስለ አገሩ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ በዓለም ብርቅ የሆነውን የትም ከሚገኘው ጋር አንድ አድርጎ ያወራል። ሰሚውም «ታዲያ ይህ ምን ያሳስባል?» ብሎ ያልፈዋል።

የስም ነገር በቀበሮ ብቻ አያበቃም። «ነብር» ስንላቸው ብዙዎቹ «ታይገር» ይላሉ። ታይገር ግን ባለ ሸንተረሩ የእስያ አውሬ ነው፤ በአፍሪካ ዱር የለም። የእኛው ባለ ጠቃጠቆው ነብር «ሌፐርድ» ነው፤ አቦ ሸማኔ ደግሞ «ቺታ»። የሜዳ አህያ እና የዱር አህያም እንዲሁ ይምታታሉ። የሜዳ አህያ ያ ባለ መስመሩ «ዚብራ» ነው። የዱር አህያ ግን በአፋር በረሃና በኤርትራ የሚገኝ፣ የቤት አህያ ሁሉ የዘር ምንጭ የሆነ፣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ የሚመደብ እንስሳ ነው። ስንቱ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን በአህያ ሲጭን ኖሮ ይህን አያውቅም! በአንጻሩ እንግሊዝኛው ከእኛ የወሰዳቸው ስሞችም አሉ። «ጌላዳ» ሲሉ ጭላዳን ማለታቸው ነው፤ ዋልያንም «ዋልያ» ነው የሚሉት። ይህን ስንነግራቸው ልጆቹ ፊታቸው ይበራል። እንግሊዝኛ መማር ሁልጊዜ መቀበል ብቻ አለመሆኑን ያያሉ።

ከዚህ የተነሳ ትምህርቱን ከፓንዳ ሳይሆን ከኪስ መጀመር ጀመርን። የድሮው 10 ሳንቲም ላይ ቀንዱ የተጠማዘዘ አንድ እንስሳ አለ፤ የደጋ አጋዘን ነው። እርሱም ከባሌና ከአርሲ አካባቢ ተራሮች በቀር የትም አይገኝም። የዛሬ ልጆች በ10 ሳንቲም የሚገዛ ነገር ስለሌለ ሳንቲሙን እምብዛም አያውቁትም፤ በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ግን አይጠፋም። በእጁ ይዞ እያገላበጠ ስለ እንስሳው አምስት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ የታዘዘ ልጅ፣ ስለማያውቀው ነገር ሃያ እንዲጽፍ ከታዘዘው የተሻለ ይጽፋል።

ሌላው የሚያስቸግረን «ኢንዴንጀርድ» እና «ኤክስቲንክት» የሚሉት ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው ሊጠፋ የተቃረበ ማለት ሲሆን ሁለተኛው ጭራሽ የጠፋ ማለት ነው። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ አውሬውን ሁሉ «ኢንዴንጀርድ» ብሎ ይጨርሰዋል። ጅብ እንኳ አልቀረችለትም! የሐረር ሰዎች በዓሹራ ሌሊት ገንፎ የሚያቀርቡላት ጅብ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለጊዜው ከማያሰጉት ጋር ነው የተመዘገበችው።

የእነዚህን ቃላት ልዩነት ለማስረዳት ከዓረቢያው ሳላ የተሻለ ታሪክ አላገኘንም። ሳላን በአዋሽ ፓርክ የጎበኘ ሰው ያውቃታል። የዓረቢያው ሳላ የእርሷ ዘመድ ሆኖ ነጭ ነው፤ ዓረቦች አል-መሃ ይሉታል። ወደ ዶሃ የሄደ ዘመድ ያላችሁ በኳታር አየር መንገድ አውሮፕላን ጭራ ላይ ራሱን አይታችሁት ይሆናል። ይህ እንስሳ በመኪናና በጠመንጃ ሲታደን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1972 የመጨረሻው የዱር መንጋ በኦማን አለቀ። ደግነቱ ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1962፣ ጥቂቶቹ ተይዘው አሜሪካ አሪዞና ወደሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ተወስደው ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በግል ተይዘው የነበሩ ተጨመሩበትና ዘራቸው ተራባ። በ1982 ወደ ኦማን በረሃ ተመለሱ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሕገወጥ አዳኞች እንደገና መጡባቸው፤ ኦማንም ክልሉን እጅግ አጥብባ ስለነበር በ2007 ከዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተሰረዘ። ያም ሆኖ በሌሎቹ አገሮች የተደረገው ጥበቃ ፍሬ አፍርቶ በ2011 የእንስሳው ደረጃ ከነበረበት ተሻሻለ። ልጆቹ ይህን ታሪክ በኃላፊ ጊዜ ግስ እንዲተርኩት እናደርጋለን። ዓመተ ምሕረቱን ከነግሱ ይዘውት ይወጣሉ፤ ጠፋ የተባለ እንስሳ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ዕድል እንደማይገጥመውም እግረ መንገዳቸውን ይረዳሉ።

ባሕረ ሰላጤውን ካነሳን የአቦ ሸማኔውን ነገር ማለፍ አይገባንም። ልጆቻችን በስልክ የሚያዩት ቪዲዮ አለ፤ ወጣቱ ውድ መኪናው ውስጥ አቦ ሸማኔ አስቀምጦ ይዞራል። ልጆቹ «ኪውት» ይሉታል፤ ይህንን ቃል ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። እኛ ታዲያ በክፍል ውስጥ አንዲት ጥያቄ በእንግሊዝኛ እንዲመልሱ እንሰጣቸዋለን፦ እናቱ የት አለች? ብዙዎቹ ግልገሎች ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአፍሪካ ቀንድ ከእናታቸው ተነጥቀው በጀልባ የሚሻገሩ ናቸው፤ በመንገድ የሚሞቱት ብዙ ናቸው። በመላው ዓለም በዱር የቀሩት አቦ ሸማኔዎች ከ7 ሺህ አይበልጡም። ከዱር ተይዘው ለንግድ መሸጣቸው ሳይቴስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1975 ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን ኢትዮጵያም በ1989 የስምምነቱ አባል ሆናለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም በ2016 አደገኛ አራዊትን ግለሰብ በቤቱ እንዳይዝ በሕግ ከልክላለች። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ ባልደረቦቻቸው የአንዲትን ወፍ ጫጩቶች ወስደው እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች ብትመጣ፣ ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው ጫጩቶቿ እንዲመለሱላት ማዘዛቸው ተዘግቧል። ይህን ሐዲስ ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ያነሱታል።

«ፕሮቴክትድ ኤሪያ» የሚለውን፣ ማለትም የተጠበቀ ክልል የሚለውን ሐረግ ለማስረዳትም ብዙ አንደክምም። ኢሕራም ያደረገ ሰው የየብስ አውሬ እንደማያድን፣ በመካ ሐረም ክልል ውስጥ አደን ክልክል መሆኑን የመድረሳ ልጅ አስቀድሞ ያውቃል። ያወቀውን ነገር በአዲስ ቋንቋ መጥራት ነው የቀረው።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ጉዳይ እንምጣ። በአንዳንድ ምንባቦች ውስጥ እንስሳት የሚያልቁት «መጥፎ ሰዎች» ስለሚገድሏቸው ብቻ ተደርጎ ይጻፋል። በክፍላችን ውስጥ አጎቱ በባሌ ከፍታ ላይ ከብት የሚያረባ ልጅ ተቀምጧል። ያንን ምንባብ ሲያነብ ወይ አጎቱን ይጠላል፣ ወይ ምንባቡን ይጠላል። ሁለቱም አይጠቅሙም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን በዚያ ምድር ሰውም ከብቱም አለ፤ እርሻው ወደ ላይ እየወጣ፣ ግጦሹ እየሳሳ ነው። ስለዚህ ሦስት ተማሪዎች እናስነሳለን፤ አንዱ እረኛ፣ አንዱ የፓርክ ጠባቂ፣ አንዱ ቀይ ቀበሮ ይሆናል። እያንዳንዱ «ቢኮዝ» እያለ ምክንያቱን ያቀርባል። ቀበሮው በዋናነት አይጥና ፍልፈል እንደሚበላ ሲናገር እረኛው ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። እረኛው ስለ ድርቅ ሲናገር ደግሞ ጠባቂው ዝም ይላል።

ቀይ ቀበሮን በገፍ የሚፈጀው ግን ጥይት ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 92፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በሽታውን የሚያመጣው የሰው ውሻ ነው። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ተሰባስበው ስለሚኖሩ አንዱ ከተነከሰ ለሌሎቹ ይተርፋል። ስለሆነም ለረጅም ዓመታት በአካባቢው መንደሮች ውሾችን መከተብ ዋናው ሥራ ሆኖ ቆይቷል፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። ለከብት ጥበቃ፣ ለእርሻና ለአደን ውሻ መያዝ በዲናችን የተፈቀደ መሆኑ ይታወቃል፤ በገጠር የምትኖሩ አድማጮቻችንም ያለ ውሻ እንደማታድሩ እናውቃለን። ይኸው በሽታ የእናንተንም ልጅ የሚገድል ነው። በመሆኑም ለተማሪዎቻችን ከሰጠናቸው የእንግሊዝኛ መጠይቅ ውስጥ አንደኛው ጥያቄ «ውሻችሁ ተከትቧል ወይ? መቼ?» የሚል ነው። የገጠር ዘመድ ያለው ልጅ ስልክ ደውሎ ይጠይቃል። አንዳንዱ «አልተከተበም» የሚል መልስ ይዞ ይመጣል። የእንስሳት ክሊኒክ ለማን፣ ምን ብሎ እንደሚነገር በዚያው እናስረዳዋለን፤ ይህኛው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው እንጂ በእንግሊዝኛ አይደለም።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ልጆቹ አዲስ የቤት ሥራ ይዘው ወደየቤታቸው ሄደዋል። አያት ወይም በዕድሜ የገፋ ጎረቤት ዘንድ ሄደው፣ በልጅነታቸው በአካባቢያቸው የነበረና ዛሬ የማይታይ እንስሳ ምን እንደሆነ፣ የት ቦታ እንዳዩት፣ መቼ እንደጠፋ ጠይቀው በእንግሊዝኛ ስድስት መስመር ይጽፋሉ። «ቀድሞ ነበር፣ አሁን የለም» የሚለው የእንግሊዝኛ ሰዋስው የሚለመደው በዚህ ነው። እናንት አባቶችና እናቶች፣ ልጁ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ «ሂድ ወዲያ፣ አሁን ሥራ ይዣለሁ» እንዳትሉት አደራ። በምታውቁት ቋንቋ ንገሩት። ወንዙን በስሙ፣ ተራራውን በስሙ ጥሩለት፤ የእንስሳውንም የአካባቢ ስም አትተዉበት። እንግሊዝኛውን እርሱ ይጨነቅበት። የጻፉትን ሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ በክፍል እናነባለን፤ መምጣት የምትችሉ ወላጆች ብትገኙ ደስ ይለናል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።