ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ታጁራ
(በኮሚኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የጅቡቲ ኢትዮጵያውያን ዕረፍት ሲመጣ ልማዳችን ይታወቃል። አቅም ያለን ልጆቻችንን ይዘን ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ እንሄዳለን። ያልቻልን በር ዘግተን ሙቀቱን በቬንትሌተር እናሳልፋለን። ከፊታችን፣ ከውሃው ማዶ ያለችውን ታጁራን ያየን ግን ጥቂቶች ነን።

ታጁራ የጎዳ ተራሮችን ተደግፋ ባሕሩ ዳር የተቀመጠች፣ ነጫጭ ቤቶች ያሏት የአፋሮች ጥንታዊ ከተማ ናት። ባለ ሰባት መስጊዷ ከተማ ይሏታል። ደርደር የሚባለው ሱልጣን መቀመጫም ናት። በጀልባ ባሕሩን አቋርጦ መሄድ ይቻላል፤ በመኪና ደግሞ ባሕረ ሰላጤውን መዞር ነው። ለልጆች መኪናው ይሻላል እንላለን። በመንገድ ላይ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ የሚወርደው የአሳል ሐይቅና ነጭ ጨዉ አለ። በጠባብ አፍ ከባሕሩ ጋር የሚገናኘው፣ ሐይቅ የሚመስለው ጉቤትም እዚያው ነው። ከከተማዋ አልፎ ሳብል ብላን የሚባለው ነጭ አሸዋ ይገኛል። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ዓሣው ከላይ ይታያል።

ልጆቻችን በተለምዶ ምኒልክ የሚባለውን አደባባይ ያውቁታል። የምኒልክ ዕቃ በየት በኩል ይገባ እንደነበር ግን አያውቁም። ጅቡቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1888 ከመቆርቆሯ በፊት የሸዋ በር ታጁራ ነበረች። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሄደው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ፣ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ከ1885 መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ወራት እዚያ ተቀምጧል። ጨው ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወርድ ነበር። ባሪያ ተብለው የተሸጡ ወገኖቻችንም በዚያው በር ወጥተዋል፤ ይህንንም ለልጆቻችን መደበቅ አይገባንም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ንግዱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ ታጁራም ተረሳች። እኛ ነጋዴዎች ይህ ይገባናል፤ መንገድ ከዞረ ገበያም አብሮ ይዞራል። በ2017 ግን አዲስ ወደብ ተከፍቶላታል።

ወገኖቻችን፣ አንድ ነገር ሳንናገር ብንወርድ ግን ኅሊናችን አይፈቅድልንም። በዚያ መንገድ ስንነዳ ላስቲክ ጫማ አድርገው፣ ባዶ ጄሪካን ይዘው በእግር የሚሄዱ ወጣቶች እናገኛለን። የሰው አገር ሰዎች አይደሉም፤ የወሎ፣ የትግራይ፣ የሐረርጌ፣ የጅማ ልጆች ናቸው። በኦቦክ አድርገው ወደ የመን ሊሻገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2019 ጎዶሪያ አጠገብ ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በ2024ም እዚያው አካባቢ ብዙዎች ሰጥመዋል። እኛ ልጆቻችንን ዋና የምናስተምርበት ባሕርና እነርሱን የሚበላው ባሕር አንድ ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተዋጥቶ አውቶቡስ ይያዝና ታጁራን እንያት። ወራቱ በጉቤት አካባቢ ሰው የማይነካው ትልቁ ሻርክ የሚታይበትም ነው። የአገሩን ወግ አክብረን፣ ልብሳችንን አስተካክለን እንሂድ። ምሳችንን ከአገሩ ሰው እንግዛ። ከስንቃችን ጋር ትርፍ ውሃ፣ ዳቦና ቴምር እንጫን። መንገድ ላይ ወገን ስናገኝ ቆመን እንስጥ፣ በቋንቋው እናነጋግረው፣ ከፊቱ ያለውን ባሕር ሳንዋሽ እንንገረው። መመለስ ለሚፈልግ ደግሞ የት መሄድ እንዳለበት እናመልክተው። ልጆቻችንም ያንን ይዩ። ከታሪኩም ከመዝናኛውም ይልቅ የሚቀርላቸው እርሱ ነው።