ድሪቶና መታሰቢያ



በቋንቋችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል የሚነገረው ለንቀት ነው። ዛሬ ግን ይህንኑ የተናቀ ነገር የጥበብ ምንጭ ስላደረጉ ሴቶች ጥቂት ልንናገር እንወዳለን።

በአሜሪካ አገር በአላባማ ግዛት፥ ወንዝ በሦስት ወገን የከበበው ጊስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። ነዋሪዎቹ በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ ከነበሩ ጥቁሮች የተወለዱ ናቸው። ሴቶቹ ያረጀ ልብስ እየቀደዱ፥ ቁራጩን ከቁራጭ እየገጣጠሙ፥ በመካከሉ ጥጥ እየከተቱ የብርድ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። ወይዘሮ ሚዙሪ ፔትዌይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1942፥ የባላቸውን የሥራ ልብስ ሰብስበው፥ ከልጃቸው ጋር ቀደው፥ ሊለብሱት ሰፉት። ከሥራ ብዛት የደበዘዘው ሰማያዊ ጨርቅ እንዳለ ይታያል። የሟቹ ስም አልተጻፈበትም፤ መልካቸውም አልተሣለበትም፤ ነገር ግን አንድን ገበሬ ከዚህ አብልጦ የሚያሳይ ሥዕል ከየት ይገኛል? ከስድሳ ዓመት በኋላ፥ በ2002፥ ይኸው ልብስ በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

የሐርለም ተወላጅ የነበሩት ሠዓሊ ፌይዝ ሪንጎልድም የመጀመሪያውን የቁርጥራጭ ሥራቸውን በ1980 የሠሩት ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው ጋር ነው። እናትየው በዓመቱ ዐረፉ። ልጅ ግን መርፌውን አላስቀመጡም። በ1988 «ታር ቢች» በተባለው ሥራቸው፥ በበጋ ሌሊት በሕንፃ ጣራ ላይ የተሰበሰበ ቤተ ሰብ ሥለው፥ ታሪኩን ጽፈው፥ ዙሪያውን በቁርጥራጭ ጨርቅ ከበቡት።

እኛስ? ወደዚህ ግቢ ስንመጣ እናታችን የሰጠችንን አሮጌ ጋቢ፥ ጓደኛ እንዳያየው ከሻንጣ ሥር የደበቅን አንጠፋም። ጥጡን በስንት ሌሊት እንደ ፈተለችው፥ ለሸማኔው ከምን ቆጥባ እንደ ከፈለች ጠይቀናትን? የወይዘሮ ሚዙሪን ልብስ ታሪክ ዓለም ያወቀው ልጃቸው ስለ ተናገሩ ነው። ጨርቅ ብቻውን አፍ የለውም።

እንግዲህ ሥዕል የምንሥል፥ ግጥም የምንጽፍ ሁሉ፥ ጥበብን ከሩቅ ከመሻታችን በፊት ሻንጣችንን እንክፈት። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስም ፈታዮቹ በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው።