ነዳጅ ቆጣቢ አይሮፕላንና የደጋው አየር
(በደነባ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከደነባ ገበያ እህል ጭኖ ሩቅ አገር የሚሄድ ነጋዴ አንድ የቆየ ሒሳብ ያውቃል። አህዮቹ በመንገድ የሚመገቡት ገለባ ራሱ ጭነት ነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ገለባው ይበዛል፤ ገለባው በበዛ ቁጥር እህሉ ይቀንሳል። የረጅም ጉዞ አይሮፕላንም ችግሩ ይኸው ነው። ነዳጅ የሚያቃጥለው መንገደኛውን ለመሸከም ብቻ ሳይሆን ገና ያልተቃጠለውን ነዳጅ ለመሸከምም ጭምር ነው።

ይህ ሒሳብ በባሕር ጠረፍ ላሉ አገሮች በአብዛኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ለኢትዮጵያ ግን ከዚያም ያልፋል። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፍን አጥብቆ አይደግፍም፤ የሞተሩም ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ አብልጦ መፍጠንና በረጅሙ መንደርደር፣ ይህም ካልበቃ ጭነቱን መቀነስ አለበት።

በግንቦት 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ያለ ማረፊያ አዲስ አበባ ገባ። 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በረረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ባለሁለት ሞተር የመንገደኞች አይሮፕላን ይህን ያህል ርቆ ሄዶ አያውቅም ነበር። ክብረ ወሰኑ የተገኘው ግን ከዝቅተኛው አገር ወደ ከፍተኛው በመጣው መንገድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚያ በኋላ ታላቁን ለውጥ ያመጣው ቦይንግ 787 ነው። አየር መንገዱ በ1997 ዓ.ም. 10 አይሮፕላኖች አዘዘ፤ የመጀመሪያው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በአፍሪካ ቀዳሚ ሆነ። ከ767 ጋር ሲነጻጸር 20 ከመቶ ያህል ነዳጅ ይቆጥባል።

ቁጠባው ከየት መጣ? ከአካሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ በሙጫ ከተያያዘ የካርቦን ክር የተሠራ ነው። የካርቦኑ ጥብጣብ በሚሽከረከር ቅርጽ ላይ፣ ስፌት የሚሰፋ ሰው አክርማውን እንደሚያዞር፣ ይጠመጠማል፤ ከዚያም ግፊት ባለው ግዙፍ ምድጃ ይጋገራል። አንዱ ድፍን የአካል ክፍል 1,500 የአሉሚኒየም ገጾችንና ከ40,000 በላይ ማያያዣዎችን አስቀርቷል። ሞተሩም አብዛኛውን አየር በትልቅ ማራገቢያ ከእሳቱ ውጭ ያሳልፋል፤ ለመንገደኞች የሚሆነው አየር ደግሞ ከሞተሩ መወሰዱ ቀርቶ በኤሌክትሪክ መጭመቂያ ከውጭ ይገባል።

ከዚህ ሌላ በረከት ተገኝቷል። የካርቦኑ አካል የውስጥ ግፊትን በሚገባ ስለሚቋቋም የመንገደኞቹ ክፍል አየር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጓል። የደነባ ሰው ከደመና በላይ ተቀምጦ ከገዛ ቤቱ ይልቅ ወፍራም አየር ይተነፍሳል ማለት ነው።

አሠራሩ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ክንፉ በጃፓን፣ የአካሉ ክፍሎች በጃፓን፣ በኢጣሊያና በአሜሪካ እየተሠሩ በአየር ተጓጉዘው ይገጣጠሙ ነበር። ብዙዎቹ ክፍሎች ሥራቸው ሳያልቅ በመድረሳቸው ዕቅዱ ከሦስት ዓመት በላይ ዘገየ። በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ ባትሪዎቹ እየጋሉ በማስቸገራቸው በዓለም ያሉት 787 አይሮፕላኖች በሙሉ ከበረራ ታገዱ። ብዙ ሥራውን ለኤሌክትሪክ ያስረከበ አይሮፕላን የተሰናከለውም በኤሌክትሪክ በኩል ነው። ባትሪው በብረት ሣጥን ተከልሎ ከተሻሻለ በኋላ መንገደኛ ጭኖ በመጀመሪያ የተነሣው ሚያዝያ 19 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የበረረው የኢትዮጵያ አይሮፕላን ነበር።

የሳሳው አየር ግን በቦታው አለ። ከዋሽንግተን የሚመጣው በረራ ያለ ማረፊያ ሲገባ፣ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በ787 ዘመንም በደብሊን ወይም በሌላ ጣቢያ ወርዶ ነዳጅ ሲሞላ ቆይቷል። ለአዲሱ ታላቅ አይሮፕላን ማረፊያ የተመረጠው የቢሾፍቱ አካባቢ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል።