ታሞ ጎን ማሳረፊያ ማጣት

እህቶቼ፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም አብረን ተቀምጠናል፤ የዛሬው ጉዳይ ሁላችንንም ይነካል። እኔ ጅዳ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ዛሬ የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ታማሚ ነበርኩ።

በአራተኛው ዓመት እንቅልፍ ጠፋብኝ። የረመዳን ድካም ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቆይቶ ስሜን የሚጠራ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ማዳም የጠራችኝ መስሎኝ እየሮጥኩ ስሄድ ተኝታ አገኛታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ከሕመሙ ይልቅ የማድርበትን ማጣት ፈራሁ። ክፍሌ ከኩሽናው ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነበረች። ሥራው ሲቀር ክፍሏም እንደምትቀር አውቃለሁ።

የችግራችን ሥር ይህ ነው። በሳዑዲ የመንግሥት የቤት ድጋፍ ለዜጎች ነው፤ የቤት ሠራተኛ ማደሪያዋ በአሠሪዋ እጅ ነው። የቤት ሠራተኞች ደንብ ተስማሚ ማደሪያ፣ የቀን ዕረፍት፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ ከክፍያ ጋር የሕመም ፈቃድም ይላል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። የታመመች ሴት ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሳትጠይቅ በሌሊት ትወጣለች። ያኔ «ጠፍታለች» ተብሎ ይመዘገብባታል፤ ኢቃማዋ ዋጋ ያጣል፤ ሐኪም ቤት መሄድም ትፈራለች።

መካ የነበረች አንዲት እህት እንዲህ ወጣች። የአገሯ ልጆች በጋራ በተከራዩት ክፍል አስጠጓት፤ ተራ ገብተው ጠበቋት። ሌሊት መጮህ ስትጀምር ግን አከራዩ ሁሉንም አስወጣቸው። ልጆቹ ክፉ አልነበሩም፤ አቅማቸው አለቀ እንጂ።

ስለዚህ እዚያ ያላችሁ፣ ሳትወጡ በፊት ተናገሩ። የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር የስልክ መስመር 937 ነው። መካና ጅዳ ላሉ የድንገተኛ ጥሪ 911 ነው። የሥራ አቤቱታ በ19911 ይቀርባል። ጅዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል አለ። ሐኪም ካያችሁ የሕመሙንና የመድኃኒቱን ስም በጽሑፍ ጠይቁ፤ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ። ያ ወረቀት አገር ቤት ስትገቡ ቤት ለመጠየቅ ያገለግላችኋል።

እኔ ቦሌ ስወርድ ወንድሜ ቤት ገባሁ። የላክሁት ገንዘብ ያሠራው ቤት ነው፤ ስሙ ግን የእሱ ነው። ጎረቤት «ዐረብ አገር አብዳ መጣች» ማለት ሲጀምር የወንድሜ ፊት ተለወጠ። በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣዬን አነሣሁ። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት አስቡ። አዲስ አበባ ውስጥ አጋር ኢትዮጵያ ከስደት ተጎድተው ለተመለሱ ሴቶች ጊዜያዊ መጠለያና የምክር አገልግሎት ይሰጣል። ጭራሽ ዘመድ ለሌላቸውና ጎዳና ለወደቁ የአእምሮ ሕሙማን መቄዶንያ አለ።

ሁለተኛ፣ ሕክምናውን ያዙ። አማኑኤል ሆስፒታል የብዙዎቻችን በር ነው። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። የክትትል ካርዳችሁን አትጣሉ።

ሦስተኛ፣ ዘላቂ ቤት ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ ቤት የሚባለው ተፈጠረ፤ ኪራዩ ዛሬም ከገበያው በጣም ያነሰ ነው። ቤቱ ጥቂት፣ ጠያቂው ብዙ ነው። ቢሆንም ማመልከቻችሁን ከነዋሪነት መታወቂያና ከሐኪም ማስረጃ ጋር ለወረዳ በጽሑፍ አስገቡ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ሳይሰጣችሁ አትውጡ። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገባችሁ ቁጠባችሁን አታቋርጡ፤ በዕጣው ለሴቶች 30 በመቶ፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ድርሻ ተለይቶ ያውቃል። «አስመዘግብሻለሁ» ለሚል ደላላ ግን አንድ ብር አትስጡ። መሥራት ካቃታችሁ ደግሞ በከተማ ሴፍቲኔት ቀጥተኛ ድጋፍ የሚባል አለ፤ ወረዳችሁን ጠይቁ።

አንድ ቢሮ ሄጄ አካል ጉዳተኛ ነኝ ስል፣ ሠራተኛው ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «እጅሽም እግርሽም ሙሉ ነው» አለኝ። አልቅሼ ወጣሁ። በኋላ አንድ የሕግ ባለሙያ ነገረችኝ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። ስምምነቱ ለረጅም ጊዜ የቆየ የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ አንቀጽ 28 የመንግሥት የቤት ፕሮግራሞችን በስም ይጠራል። ይህን በወረቀት ጽፌ ተመለስኩ። ያው ሠራተኛ ማመልከቻዬን ተቀብሎ ቁጥር ጻፈልኝ።

ቤቱን አገኘሁ ወይ ብትሉኝ፣ ገና አላገኘሁም። ማመልከቻዬ እዚያው ነው፤ በየጊዜው እየሄድኩ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ከሁለት ተመላሽ እህቶች ጋር ክፍል ተከራይተናል። ስንገባ ተነጋገርን፦ ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ አንዷ እንቅልፍ ስታጣ ማን እንደምትቀሰቀስ፣ የታመመችው ኪራይ ሲያጥራት ሁለቱ ለስንት ወር እንደሚሸፍኑ። ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ቤት የተደበቀ የለም፤ ለዚህም ነው እስከ ዛሬ አብረን ያለነው።

በገባንበት ቀን ጎረቤታችን እማማ ቡና ይዘው መጡና «ቤት ለእምቦሳ» አሉን። «እምቦሳ እሰሩ» ብለን ተሳቅን። የምናስረው እምቦሳ የለንም። የምንቆልፈው በር ግን አለን፤ ቁልፉም በየእጃችን ነው።

እናንተም ታማችሁ ከሆነ አትደበቁ፤ ጠይቁ፤ ደጋግማችሁ ጠይቁ። ብቻዬን አልችልም ያለች ወደ እኔ ትምጣ፤ አብረን ወረዳ እንሄዳለን። እግዚአብሔር ለሁላችን ጎን ማሳረፊያ ይስጠን።